የጋሼ ኮሮላ ለምን ያፈላል? የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

መኪናው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሞተሩ 1.3 ሊትር፣ ብሎኩ ብረት፣ ከብሎኩ ላይ የሚገጠመው ቴስታታ አሉሚኒየም። የአጎቴ መኪና ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

ራዲያተሩ ያንጠባጥብ ስለነበር ጋራዥ ገባ። ራዲያተሩ በአዲስ ተቀየረ። የውሃ ፖምፓው ተቀየረ። ውሃ የሚያመላልሱት የጎማ ቱቦዎች፣ የላይኛውና የታችኛው ማኒኮቶ፣ ተቀየሩ። ከጋራዥ ሲወጣ ግን ከበፊቱ ብሶበት ቁጭ አለ። ሜዳ ላይ ደህና ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲወጣ የራዲያተሩን ትርፍ ውሃ የሚቀበለው ሪዘርቭ ውስጥ ያለው ውሃ ይንተከተካል፣ ሞልቶ ይፈሳል፣ ቀጥሎ የሙቀት ጌጁ ይነሳል። ጋሼ መልሰው ሲወስዱት ፋኑ ዳይሬክት ተደረገ፤ ሳይቆም እንዲዞር ማለት ነው። አሁንም አልቆመም። በመጨረሻ የተነገራቸው ይህ ነው፦ «ሪዘርቩ ውስጥ አረፋ ካለ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል። ቴስታታው ይውረድ።»

ቴስታታ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይገዛል፤ ቴስታታው ሊስተካከል ሬቲፊካ ቤት ይገባል፤ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ይፈታል። ለጡረተኛ ከባድ ወጪ ነው። የማያስፈልገው ሞተር ከተከፈተ ደግሞ ወጪው ብቻ ሳይሆን ሞተሩም ያሳዝናል።

«ጋሼ፣ ከመውረዱ በፊት እኔ ልየው» አልኳቸው።

«እየው ልጄ። ግን አዳማ የሚያስኬድ ጉዳይ አለኝ፤ እንዳታቆይብኝ።»

የጀመርኩት ካልቀዘቀዘ ከማይነካው ነገር ነው። ሞተሩ አድሮ እንደ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ሞተር ሲግል ክዳን አይከፈትም፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ይልጣል። ይህን ሁሉም ሰው ይሰማል፣ ግን መንገድ ዳር ቆሞ የሚከፍት አይጠፋም።

ውሃው ከአንገቱ ዝቅ ብሏል። ቀለሙ የዝገት ነው፤ ኩላንት አልገባበትም፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። ላዩ ላይ የዘይት ቅባት የለም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣሁት፦ ዘይቱ ጠቁሯል እንጂ ወተት አልመሰለም። አራቱንም ካንዴላ ፈትቼ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ካለ የዚያኛው ካንዴላ ታጥቦ ይነጣል። የጋሼ አራቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው።

እስካሁን ጓርኒሲዮኑን የሚከስ ማስረጃ አላገኘሁም።

አሁን ዋናው ጥያቄ አረፋው ነው። ሪዘርቭ ውስጥ አረፋ የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ከሲሊንደር ሾልኮ ወደ ውሃው የገባ የተቃጠለ ጋዝ ሊሆን ይችላል። ውሃው ራሱ ፈልቶም ሊሆን ይችላል። ዓይን አይለያቸውም። የሚለያቸው ሰዓቱ ነው። ጋዝ ከሆነ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ጀምሮ ይመጣል፤ ማቃጠል የሚጀምረው ቁልፉ እንደዞረ ነውና። እንፋሎት ከሆነ ውሃው እስኪግል ይጠብቃል።

ስለዚህ ውሃውን እስከ አንገቱ ሞልቼ፣ ክዳኑን ሳልገጥም ሞተሩን አስነሳሁት። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ተፋ፤ ውሃው ጎደለ፤ ጨመርኩ፤ እንደገና ጎደለ። ይህ ከጥገናው የቀረ አየር ነው። ከዚያ ረጋ። የአክስቴ ልጅ ነዳጅ እየረገጠልኝ አንገቱን አየሁት። የሚከታተል ደቃቅ አረፋ የለም። ውሃው ወደ ውጭ አይተፋም።

ለማረጋገጫ ከአንድ ጓደኛዬ ሰማያዊ ፈሳሽ የሚገባበትን የጋዝ መመርመሪያ ተውሻለሁ። የራዲያተሩ አንገት ላይ ተቀምጦ ከውሃው በላይ ያለውን አየር በፈሳሹ ውስጥ ይስባል። የተቃጠለ ጋዝ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ደጋግሜ ሳብኩበት። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ምን ይላል?» አሉኝ። ቴስታታው ጤነኛ ይመስላል አልኳቸው። ገና ጨርሼ ስላላየሁ ከዚያ በላይ ቃል አልሰጠሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ሞተሩ ሞቆ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ ብከፍተው ቀዝቃዛ አየር ሰጠኝ። ማሞቂያው የሚሠራው በሞተሩ ሙቅ ውሃ ነው። ሞተር ግሎ ማሞቂያ ከቀዘቀዘ ወይ ውሃ ጎድሏል፣ ወይ አየር የውሃውን መንገድ ዘግቷል፣ ወይ ውሃው አይዞርም። ከጥገና በኋላ የመጣን መኪና ስታዩ ይህን ሙከራ አትለፉት። መሣሪያ አይፈልግም፣ አንድ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው።

የተርሞስታቱን ቤት ፈታሁት፤ ተርሞስታት በሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋ የውሃ በር ነው። ባዶ ነው። ተርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏል።

«ለኛ አገር አያስፈልግም፣ የብርድ አገር ዕቃ ነው» የሚል አባባል አለ። ይህን አባባል በጣም ነው የምቃወመው። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ራሱ ሞተሩ የሚያሞቅ ቢሆን እንኳ ተርሞስታቱን አታውጡ፣ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የነዚህ ሞተሮች ተርሞስታት ከታቹ ሌላ ትንሽ ክዳን አለው። ሞተር ሲግል ላይኛው ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ይከፍታል፤ ታችኛው ደግሞ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። ተርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል። ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ዳገት ላይ ይታወቃል።

አዲስ ተርሞስታት መግዛት አለብኝ። የታችኛውን ማኒኮቶም አየሁት፦ ውስጡ ሽቦ አለው፣ ነዳጅ ሲረገጥ አይጨፈለቅም። እሱ ደህና ነው።

እሑድ

ተርሞስታቱ ተገኘ፤ ላዩ ላይ 82 ተጽፎበታል። ከመግጠሜ በፊት በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥዬ ከምግብ ቴርሞሜትር ጋር እሳት ላይ ጣድኩት። በመጽሐፉ መሠረት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ውስጥ መከፈት ይጀምራል፣ 95 ላይ ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ይከፈታል። መጀመሩን አየሁ፤ 82 አካባቢ ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ። ደህና ነው።

95ቱን ግን አላየሁም። ማየትም አይቻልም። ውሃው 92 ላይ ፈላና ቆመ፤ እሳቱን ብጨምር ያው 92 ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ እዚህ 100 ሳይደርስ ይፈላል። ባቄላ ድሬዳዋ ላይ ቶሎ በስሎ እዚህ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ይህን 92 ማስታወሻዬ ላይ አስምሬበታለሁ። ስለ ድስቱ ብቻ የሚናገር ቁጥር አልመሰለኝም።

ተርሞስታቱን ገጠምኩት። ጠርዙ ላይ የምትወዛወዝ ትንሽ የአየር ማስተንፈሻ አለች፤ እሷ ወደ ላይ መሆን አለባት። ወደ ታች ከዞረች አየሩ ከኋላዋ ተይዞ ይቀራል።

ከዚያ ስፑርጎ፣ አየሩን ማስወጣት። የመኪናውን አፍንጫ ዳገት ላይ አቆምኩት፤ የራዲያተሩ አንገት ከሁሉም ከፍ እንዲል ነው። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፈትኩ። ቀስ ብዬ ንጹህ ውሃ ሞላሁ፤ ኩላንቱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፣ እየፈታን ስንገጥም እንዳይባክን። ሞተሩን አስነስቼ የላይኛውን ማኒኮቶ በእጄ እየጨመቅሁ ለቀቅሁ። አየሩ እየተንገጫገጨ ወጣ። ማሞቂያው ለብ አለ፣ ከዚያ አቃጠለ። ጥሩ ምልክት ነው።

ሰኞ ማታ

ከሥራ መልስ ፋኑን ያዝኩት። ጋራዡ በቀጥታ ከቁልፉ ጋር አገናኝቶታል፤ መኪናው እንደተነሳ ይዞራል፣ እስኪጠፋ አይቆምም። መልሶ ወደ ነበረበት ለማምጣት የራሱን ሙቀት ማብሪያ መፈተሽ ያስፈልጋል። የዚህ ዘመን ቶዮታ ማብሪያ አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ቀዝቃዛ ሲሆን የተያያዘ ነው፣ ሲግል ይለያያል፣ ያኔ ፋኑ ይነሳል። ስለዚህ ቁልፉን ከፍቶ የማብሪያውን ሶኬት መንቀል ብቻ ነው፤ ፋኑ መዞር አለበት። የቀጥታውን ሽቦ አንስቼ ሶኬቱን ነቀልኩት። ዞረ። ሬሌውም፣ ፊውዙም፣ የፋኑ ሞተርም ደህና ናቸው ማለት ነው። አየሩንም ወደ ውስጥ ይስባል፤ ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ይዤ ተለጠፈ።

ታዲያ ለምን ዳይሬክት አደረጉት? ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ውሃው እየፈላ ፋኑ አልነሳ አለ፤ ማብሪያው ሞቷል አሉኝ።»

ማብሪያው በመጽሐፉ 93 ዲግሪ ላይ ነው ፋኑን የሚያስነሳው፣ ወደ 83 ሲወርድ ያጠፋዋል።

93። ድስቱ የፈላው 92 ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። የዚህ መኪና ውሃ እንደ ድስቱ ክፍት ከሆነ፣ ግፊት ካልያዘ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፋኑ የሚነሳበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይፈላል። ማብሪያው ጤነኛ ሆኖ እያለ የሞተ ይመስላል። ሪዘርቩ ይንተከተካል፣ ያን ያየ ሰው ጓርኒሲዮን ነው ይላል። ተርሞስታት ይወጣል፣ ፋን ዳይሬክት ይሆናል፣ መፍላቱ ግን አይቆምም።

ይህን የሚከለክለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ መሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ስፕሪንግ አለው። ላዩ ላይ 0.9 ተጽፎበታል፤ ወደ 88 ኪሎፓስካል ማለት ነው። ያን ያህል ግፊት ከያዘ ውሃው እዚህ አዲስ አበባ ወደ 114 ዲግሪ እስኪደርስ አይፈላም። ካልያዘ 92። ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ ይበልጣል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ክዳኑ ቢደክም እንኳ 100 አለው። እኛ ያን ዕድል የለንም።

ማክሰኞ

ከክዳኑ ጋር ሳንነካካ እንደነበረ ሽቅብ ወጣን፤ ጥርጣሬዬን መንገድ ላይ ማየት ፈለግሁ። ጋሼ ነዱ፣ እኔ ጎን ተቀመጥኩ። ውሃው ከሞተሩ በሚወጣበት አሉሚኒየም ላይ ጥቁር ቴፕ ለጥፌያለሁ። በርቀት የሚለካው ቴርሞሜትር የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ይዋሻል፤ ጥቁር ቴፕ ላይ ግን ይታመናል።

ሽሮ ሜዳ ከመድረሳችን በፊት ዳር አስይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሪዘርቩ እየተንተከተከ ነው። ቴፑ ላይ ያለው ሙቀት 90 አካባቢ፤ የላዩ ገጽ ከውስጡ ውሃ ጥቂት ዝቅ ይላል። ይህ ለሞተር ጤናማ ሙቀት ነው! ሞተሩ አልጋለም። ውሃው ነው በማይገባው ሙቀት የፈላው።

ጨርቅ ይዤ የላይኛውን ማኒኮቶ ጨመቅኩት። ለስላሳ ነው፣ ሳይቸግር ተጨፈለቀ። ግሎ የሚሠራ ሞተር ማኒኮቶው ጠጠር ማለት አለበት። ጓርኒሲዮን ተበልቶ ቢሆን ደግሞ ጠዋት ገና ሳይሞቅ ድርቅ ይል ነበር። ይኼኛው ግሎም አልጠጠረም። ግፊት የለም።

«ጋሼ፣ ክዳኑ ነው።»

«አዲስ ነው እኮ! ከራዲያተሩ ጋር በካርቶን የመጣ።»

ረቡዕ

ራዲያተር የሚጠግን የሰፈራችን ባለሙያ ጋ ሄድን። የግፊት መፈተሻ ፓምፕ አለው። መጀመሪያ ራዲያተሩ አንገት ላይ ገጥሞ 0.9 ድረስ ነፋው። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ፖምፓው፣ ማኒኮቶዎቹ፣ ማሞቂያው፣ ሁሉም አይነፍስም።

ቀጥሎ ክዳኑን በመፈተሻው ላይ ገጠመው። ያዘ። 0.9 አካባቢ ለቀቀ፣ በትክክል የተጻፈበት ላይ። መጽሐፉ ከ0.6 በታች ካልሆነ አትቀይሩት ይላል፤ ይህ በደንብ ያልፋል።

ባለሙያው ፈገግ ብሎ «ወንድሜ፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለየብቻቸው ጤነኛ ናቸው። አብረው መሆናቸው ነው ጥያቄው።

የክዳኑን ታችኛ ጎማ ገልብጬ አየሁት። ከአንገቱ ውስጠኛ ጠርዝ ጋር ተጭኖ የሚቀመጠው እሱ ነው። የሠራ ክዳን ጎማው ላይ ክብ መስመር ይታተምበታል። ይህ ጎማ ዛሬ ከካርቶን እንደወጣ ለስላሳ ነው። አንገቱ ውስጥ ያለውን ጠርዝ ስስ ግራሶ ቀባሁት፣ ክዳኑን አጥብቄ ገጠምኩ፣ ፈታሁት። የላይኛው ሰፊው ጎማ ግራሶ ነክቶታል። ታችኛው ንጹህ ነው። አልደረሰም።

ባለሙያው ካሊፐሩን አመጣ። ከአንገቱ አፍ እስከ ውስጠኛው ጠርዝ ያለው ጥልቀት ክዳኑ ከሚደርስበት ከ2 ሚሊሜትር በላይ ይበልጣል። ስፕሪንጉ የሚጫነው ነገር የለውም። ውሃው ሲሰፋ ያለ ከልካይ ወደ ሪዘርቩ ያልፋል፣ ሲፈላ ይንተከተካል፣ ሲቀዘቅዝ የተረፈው ተመልሶ ይሳባል። በካርቶን አብሮ የታሸገው ክዳን የዚያ ራዲያተር ክዳን አልነበረም። የድሮውን ክዳን እንዳንሞክር አሮጌው ራዲያተር ከነክዳኑ ለቁራሌው ተሰጥቷል።

ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጮቹ ቁጥሩን ነው የሚጠይቁት፦ 0.9 ወይስ 1.1? እኔ የለካሁትን ጥልቀት ነገርኳቸው፣ ካሊፐሩንም ይዤ ነበር። ብዙ ሱቅ ዞሬ ጠለቅ ያለውን ዓይነት አገኘሁ። «1.1 ውሰድ፣ ይበልጥ ይይዛል» ያለኝ ነበር። አልወሰድኩም። የዕድሜ ባለጸጋ ማሞቂያ ያለው መኪና ፋብሪካው ካሰበለት በላይ ግፊት አያስፈልገውም።

በግራሶው ፈተንኩት። ታችኛው ጎማ ላይ ሳይቋረጥ ሙሉ ክብ ታተመ። አጠገቤ የነበረው ባለሙያ አሳየኝ ብሎ ተቀበለኝና ረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። ከዚህ በኋላ ለደንበኞቼ ሁሉ እንዲህ ነው የምፈትነው አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ዝገቱን ውሃ አፍስሼ እስኪጠራ አጠብኩት። አሁንም ትንሽ ቡናማ ይላል፤ የዓመታት የቧንቧ ውሃ ነው፣ በአንድ ጊዜ አይለቅም። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅዬ ሞላሁ። እንደገና ስፑርጎ፣ እንደገና ማሞቂያው እስኪያቃጥል። ፋኑን በራሱ ማብሪያ መለስኩት።

መጀመሪያ ቆሞ እንዲሠራ ተውኩት። ጌጁ መሐል ላይ ቆመ። ጠበቅን። ጋሼ ዓይናቸውን ከፋኑ ላይ አላነሱም። ድንገት ተነሳ። ትንሽ ዞሮ ጠፋ። እንደገና ተነሳ። «ሞቷል» የተባለው ማብሪያ ማለት ነው፤ የሚነሳበትን ሙቀት አግኝቶ ስለማያውቅ ነበር ዝም ያለው።

ከዚያ ሽቅብ፣ አራት ሰው ጭነን፣ ሽሮ ሜዳን አልፈን ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ በሁለተኛ ማርሽ። አቆምን። ሪዘርቩ ጸጥ ብሏል፤ ከፍታው በጣት ያህል ጨምሯል፣ ያ የመስፋት ነው። ቴፑ ላይ 94 አየሁ፤ ማክሰኞ ውሃ ሲንተከተክ ከነበረው ይበልጣል፣ ግን አሁን የሚፈላ ነገር የለም። ማኒኮቶው ጠጠር ብሏል፣ በእጅ አይጨፈለቅም።

ዓርብ ጠዋት

ሪዘርቩ ወደ ትናንት ጠዋቱ መስመር ወርዷል፤ ራዲያተሩ የሰጠውን መልሶ ስቧል። ክዳኑን ከፈትኩ፣ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። የተርሞስታቱ ቤት ጓርኒሲዮን ትንሽ ላብ አለው፤ ቡሎኖቹን በእኩል አጠበቅኋቸው፣ ነገ አየዋለሁ።

ጋሼ አዳማ መሄድ ይችላሉ። መሄዱ ቁልቁል ስለሆነ አያሳስበኝም። መመለሻው ነው፤ አዳማ 1,600 ሜትር አካባቢ ናት፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ረጅም ሽቅብ ነው፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ ደግሞ እግር ይከብዳል። ቢሾፍቱ ላይ ወርደው ጌጁን ሳይሆን ሪዘርቩን እንዲያዩ ነግሬያቸዋለሁ። ከተንተከተከ ይደውሉልኛል። ክዳኑን ግን አይነኩም።

«ቴስታታውስ?» አሉኝ ሲወጡ።

«ይቀመጥ ጋሼ። ምንም አላደረገም።»